የአንበጣ አርቢው ጋውን

ባለቤቴን ልትሸኙ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ የቆማችሁ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ፤ ነገሬ ትንሽ ይረዝማል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ አጠር ማለት እንዳለበት ነግረውኛል፤ ነገር ግን አርባ ስድስት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር፣ አንዳንዴም በሁለት ጣራ ሥር፣ አብሬያቸው የኖርኩት ሰው በአንድ ገጽ አያልቁልኝም። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ በመሆኔ ቃሌን የጻፉልኝና አሁን የሚያነቡላችሁ ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ናቸው። ቋንቋውን እንዲያቃኑልኝ ፈቅጄላቸዋለሁ፤ ነገሩን ግን እንዳያለዝቡብኝ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ባለቤቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው የዛሬ ሰባ ሁለት ዓመት ተወለዱ። አባታቸው በርና መስኮት፣ እናታቸው የተማሪ ልብስ እየሠሩ በአንዲት ክፍል ጎን ለጎን ይውሉ ስለነበር፣ እሳቸው በአንድ እጃቸው የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በሌላው የጨርቅ ቁራጭ እየለቀሙ ማደጋቸውን እዚህ ከፊት የተቀመጡት ታላቅ እህታቸው ይመሰክራሉ። ጸጥተኛ ልጅ ነበሩ አሉ። አንድ ቀን ሰፈር ሙሉ ሲፈልጋቸው ውሎ የተገኙት ከአባታቸው መሥሪያ ጠረጴዛ ሥር በሆዳቸው ተኝተው ተርብ በጭቃ ቤቷን ስትሠራ ሲያዩ ነው፤ ተቆጥተው ሲጎትቷቸውም «አልጨረሰችም እኮ» ብለው አለቀሱ ይባላል።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። እጃቸው ሥዕል ስለሚያውቅ የሳይንስ መምህራቸው የሰውን ሳንባና ልብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያስሏቸው እሳቸውን ነበር፤ ይሁን እንጂ የአባታቸውን ሁለት ጣት መጋዝ በወሰደባቸው ዓመት ደብተራቸውን አስቀምጠው መጋዙን አነሡ። ስለዚህ ነገር ሲማረሩ ሰምቼ አላውቅም። የእርሳስ ቁራጭ ግን እስከ ሞቱበት ሳምንት ድረስ ከደረት ኪሳቸው አልጠፋም።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው አንድ የምርምር ተቋም የተበላሹ ሣጥኖች እንዲጠግኑለት ለሦስት ቀን ቀጠራቸው። ሣጥኖቹ የአንበጣ ማርቢያ ነበሩ። የገበሬውን ማሳ የሚያወድመውን አንበጣ የሚያጠፋ መድኃኒት ለመፈለግና ለመፈተን፣ ዕድሜውና ጤናው የታወቀ አንበጣ ዓመቱን ሙሉ በእጅ መገኘት ስላለበት፣ ተቋሙ ራሱ እያስፈለፈለ ያሳድገው ነበር። ሆኖም በየሣጥኑ ለሙቀት የሚበራው አምፖል እንጨቱን እያጣመመው፣ አንበጣው በስንጥቁ እየወጣ በየቢሮው ይዘል ነበር፤ ጸሐፊዋ ከእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት አግኝታ ሥራ ልትለቅ ተነሥታ ነበር አሉ። ባለቤቴ አሮጌዎቹን መጠገን ትተው ከቆርቆሮና ከመስታወት አዲስ ሠሩ፤ እጅ ሲገባ አንበጣ እንዳይወጣም በሩ ላይ እንደ እጅጌ ያለ ጨርቅ ሰፉበት፤ የእናታቸው ሙያ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ እኛ እትዬ ዶክተር እያልን የምንጠራቸው፣ ሣጥኑን ዞረው ዞረው አይተው «እንዲህ አድርጎ የሠራው ሰው ውስጡን ለምን አይጠብቅልኝም?» አሉ። ሦስት ቀን የተባለው ሥራ ሠላሳ ሰባት ዓመት ፈጀ።

ሥራው ከውጭ ለሚያየው ቀልድ ይመስላል፤ እኔም በጊዜዬ ስቄበታለሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። አንበጣ ቅዳሜ እሑድ አያውቅም፤ በየቀኑ ትኩስ ሣር ይፈልጋል፤ ስለዚህ እሳቸው ዛሬ የዘሩት ለሳምንቱ እንዲደርስ በየቀኑ አንድ አንድ ትሪ ስንዴ ይዘሩ ነበር። አንዱን ቀን ቢዘልሉት ከሳምንት በኋላ አንድ ቀን ረሃብ ሆነ ማለት ነው። እንስቷ እንቁላሏን የምትጥለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በመሆኑ፣ ረጃጅም ኩባያ በአሸዋ ሞልተው፣ እርጥበቱን በጣታቸው መጥነው ያቀርቡላታል፤ ከጣለች በኋላ ኩባያውን ከድነው፣ ቀኑን ጽፈውበት፣ ሙቀቱ በተመጠነ ቁም ሣጥን ያኖሩታል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ጉንዳን የሚያክል ኩብኩባ ከአሸዋው እየተጋፋ ይወጣል። ኩብኩባው ክንፍ እስኪያወጣ አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል፤ የሚጥለውም ከሣጥኑ ጣሪያ ወንፊት ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነው፤ በዚያች ሰዓት በር ተገፍቶ ከደነገጠ ይወድቃል፣ ከወደቀ ክንፉ ተጨማዶ ይቀራል። በዚያ ሰሞን እሳቸው ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ነበር የሚሄዱት። ይህም ልማድ ቤት ድረስ ተከትሏቸው መጥቶ፣ በር ሲዘጉ፣ ማንኪያ ሲያስቀምጡ ድምፅ የላቸውም፤ ስንቴ ከኋላዬ ቆመው አስደንግጠውኛል። «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቆዳዬን እየጣልኩ አይደለም፤ ትንሽ ተንኳኳ» እላቸው ነበር።

የተገናኘነው በፉርሽካ ምክንያት ነው። እኔ ያኔ ከአክስቴ ወፍጮ ቤት በር ላይ ፉርሽካ እሸጣለሁ፤ ደንበኞቼም ከብት የሚያረቡ ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ መጥተው በመዳፋቸው ይዘግኑታል፣ ያሸቱታል፣ ሻጋታ እንዳይኖረው ወደ ብርሃን ወስደው ያዩታል። አንድ ቀን ሰለቸኝና «ጌታዬ፣ ለላሞችዎ ነው ይኼ ሁሉ ጥንቃቄ?» አልኳቸው። ላም የለኝም አሉ። «ታዲያ ራስዎ ሊበሉት ነው?» ስላቸው አንገታቸውን ደፍተው «አይ፣ ያሉኝስ ብዙ ናቸው፤ ተቆጥረውም አያልቁ» አሉ። ሮጬ ለአክስቴ፣ ከብቱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ ያየኛል ብዬ ነገርኳት። አክስቴም «ታዲያ ምን ትገተሪያለሽ፣ ፉርሽካውን ጨምሪለት እንጂ» አለችኝ። ጨመርኩላቸው። እውነቱን ያወቅሁት ከታጨን በኋላ ነው፤ አንድ ትልቅ ቢጫ አንበጣ ጣቴ ላይ አስቀምጠው «ከብቶቼ እንግዲህ እነዚህ ናቸው» አሉኝ። አክስቴ ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔ ግን ያን አንበጣ ጣቴ ላይ ሲያስቀምጡ እግሩ እንዳይሰበር የያዙበትን አያያዝ አይቼ ነበርና፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው አገባኋቸው።

ሦስት ዓመት ቆይተን አንዲት ሴት ልጅ ተሰጠን፤ ሁለተኛ አልመጣም። ትንሽና ቀጭን ስለነበረች ድንቢጥ አልናት፤ ባልደረቦቻቸውም በአንበጣ አርቢ ቤት ወፍ ተወለደች እያሉ ሳቁባቸው። እሳቸው ከሥራ ሲመለሱ የአጥሩ በር ገና ሲከፈት ሮጣ አንገታቸው ላይ ትጠመጠማለች፤ «አባዬ፣ ዛሬ ማን ቆዳውን ጣለ?» ትላቸዋለች። እሳቸውም ከኪሳቸው እርሳሷን አውጥተው፣ እግሩ የጎደለውን፣ ሆዳሙን፣ ሁልጊዜ አምፖሉ ላይ ካልወጣሁ የሚለውን፣ በካርቶን ላይ እየሣሉ የቀኑን ወሬ ይነግሯታል። ልጄ አንበጣውን ሁሉ በጠባዩ ታውቀው ነበር፤ አንዱንም ግን በዓይኗ አላየችም።

አራት ዓመት ሲሞላት ማታ ማታ ደረቷ ይጮኽ ጀመር። አባቷ ሲመጡ ደስ ብሏት እንደተጠመጠመች ዓይኗ ያብጣል፣ አንገቷ ሽፍ ይላል፣ ከዚያ ትንፋሽዋ ያጥራል። እኔ ብርድ ነው አልኩ፤ ጎረቤት አቧራ ነው አለ። የሕፃናት ሐኪሙ ግን «ቤት ውስጥ ድመት አለ?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ውሻስ? ዶሮ?» የለም። «አባቷ ምን ይሠራሉ?» ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ክንዷን ጫር ጫር አድርገው የተለያየ ነገር ጠብ ጠብ አደረጉበት፤ ባለቤቴ በጠርሙስ ካመጡት የአንበጣ ብናኝ የተቀባው ቦታ ብቻ እንደ ፈንዲሻ አበጠ። አንበጣው ከሚጥለው ቆዳና ከኩሱ የሚነሣው ብናኝ የማይስማማው ሰው አለ አሉ፤ እሷም ከእነዚያ አንዷ ነበረች።

ባለቤቴ በማግስቱ ሥራ ሊለቁ ሄዱ። ነገር ግን ልጃችን ትንፋሽ ሲያጥራት በአፏ የምትስበው መድኃኒትም፣ የምትተኛበት ሆስፒታልም በተቋሙ የሠራተኛ ሕክምና ነበር የሚገኘው፤ ቢለቁ ደረቷን የሚዘጋው ይቀራል፣ የሚከፍተውም ይቀራል። ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩኝ ቢሉ ቦታ የለም ተባሉ። ስለዚህ፣ መታጠብ ብቻ ይበቃል ብለው ስላላመኑ፣ ድንቢጥ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ከተቋሙ ግቢ ጀርባ ያለችውን የዕቃ ክፍል አስጠርገው፣ ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ገቡ። እሑድ እሑድ ታጥበው፣ ሌላ ልብስ ለብሰው ቤታችን ይመጣሉ፤ ግን አይገቡም። ጓሮ በኩል በማእድ ቤቱ መስኮት ሥር የሳሙና ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ፤ ልጅቷ ከውስጥ ወንበር ላይ ትቆማለች፤ መካከላቸው መስታወቱ አለ። የሳምንቱን ሥዕል አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ይለጥፉላታል፤ እሷም የቤት ሥራዋን ለጥፋ ታሳያቸዋለች፤ የተሳሳተችውን በጣታቸው ከውጭ ይከቡላታል። እኔ ምሳቸውን በመስኮቱ ደፍ አቀብላለሁ። ፊት ለፊታችን ያለችው ሴትዮ አጥር ላይ ተንጠልጥላ «ኧረ እቴ፣ አሁንስ አልበዛም? አስገቢው እንጂ፤ ሁሉም ወንድ ያጠፋል» አለችኝ። እሳቸውም ሰምተው «እባክዎ ያማልዱኝ እናቴ» ሲሏት፣ ውስጥ ያለችው ልጄ ሳቋ እስከ መንገድ ተሰማ።

አሁን የምናገረውን ከእሳቸውና ቃሌን ከጻፉልኝ መምህር በቀር ለማንም አልተናገርኩትም። ተቋሙ የሠራተኛውን ጋውን የሚያጥብ ሰው ነበረው፤ ሐኪሙም የሥራ ልብስ ቤት እንዳይመጣ ብለው አዝዘው ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ለጉዳይ ሄጄ ባለቤቴን በግራጫ፣ በተጨማደደ ጋውን አየኋቸው፤ የሌሎቹ ሰዎችም ሚስቶች አይተዋቸዋል። ቤት የላቸውም፣ ሚስት የላቸውም የሚባል መሰለኝ። ሻምበል እያልን የምንጠራቸውን ዘበኛ ለመንኳቸው። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋውኖቹን በከረጢት እያመጡ፣ ሰኞ ታጥቦ ተተኩሶ ይወስዱልኝ ጀመር። ለባለቤቴ፣ አጣቢው ሳሙና ቀይሯል ብለው ነገሯቸው። ባለቤቴም በመስኮቱ በኩል ያን አጣቢ ሲያሞግሱልኝ፣ ሲበዛ እኔን ደስ ይለኝ፣ ደግሞም ቅናት ቢጤ ይዞኝ ነበር።

ከረጢቱን የማራግፈው ልጄ በምትተኛበት ክፍል ነበር። ጋውኑን የማጥበው ከትምህርት ቤት ልብሷ ጋር በአንድ ገንዳ ነበር። እኔ ብናኙ እሳቸው ላይ እንጂ ጨርቅ ላይ ያለ አልመሰለኝም፤ ሐኪሙ ያሉትን ሰምቼ፣ አንድ ጋውን ምን ይሆናል ብዬ ለራሴ ፈቀድኩ።

ልጅቷ አልዳነችም። ሁልጊዜ እሑድና ሰኞ ይብስባት ነበር። ባለቤቴ ቀኑን አሰሉት፤ እኔ የምመጣበት ቀን ነው አሉ፤ ታጥቤም በትንፋሼ፣ በፀጉሬ አመጣባታለሁ አሉ። ስምንት ዓመቷ ነበር። አንድ እሑድ ሣጥኑ ላይ ሳይቀመጡ ቆመው ሥዕሏን ሰጡኝና «ከእንግዲህ ከመንገዱ ወዲያ ሆኜ አያታለሁ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ ጠጋኙ አጠገብ ይቆማሉ። እሷ መጀመሪያ ሰሞን እጇን ታውለበልብላቸው ነበር። በኋላ አቀርቅራ ታልፍ ጀመር። አንድ ቀን ደብተሯን እያስቀመጠች፣ እንዲያው እንደ ተራ ነገር፣ «አባዬ እነሱን ነው የሚወደው» አለችኝ። እኔም «አይ ልጄ፣ ለአንቺ ብሎ ነው» አልኳት። አላመነችኝም።

ድንቢጥ አሥር ዓመት ሲሞላት ሻምበል ታመው ሁለት ወር ተኙ፤ ከረጢቱም ቀረ። ልጄ ሁለቱን ወር ሙሉ ደረቷ ሳይጮኽ፣ ገመድ ስትዘል ከረመች። ሻምበል ተሽሏቸው የመጀመሪያውን ከረጢት ባመጡ ቀን፣ ገና አፉን ስፈታ ልጄ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አስነጠሳት፣ ዓይኗ ቀላ። ከረጢቱን ይዤ ወጥቼ ጓሮ ሄጄ ተቀመጥኩ። 

ማጠቡን በዚያው ቀን ተውኩ፤ ሻምበልንም ዝም አሰኘኋቸው። ልጅቷ ድና ቀረች። ለባለቤቴ ተሽሏታል፣ ና ብዬ ላክሁባቸው፤ «የተሻላት እኔ ስለራቅሁ ነው፤ እግዜር ይመስገን፣ አልጠጋም» ብለው መለሱ። እሳቸውን ለመመለስ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እውነቱን መናገር። ነገ እናገራለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አሳደርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ሲቆሙ በመስኮት እያየሁ፣ ሽንኩርቴን ስከትፍ ነበር።

የነገርኳቸው ከተቋሙ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨርሼ ቀና ስል እጃቸው ላይ የታጨደ የስንዴ ሣር ይዘው ነበር። «ያ ንጣት የአንቺ ነበር?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «አጣቢውን ስንት ጊዜ አመስግኜዋለሁ፤ ምን አደረግሁ እያለ ግራ ይጋባ ነበር» አሉና ሣሩ እንዳይጠወልግ ገብተው አብልተው ተመለሱ። እኔ እስኪመለሱ አለቀስኩ። ተመልሰው ሲመጡ ለልጃችን ዛሬውኑ እነግራታለሁ አልኳቸው። «ተዪ» አሉኝ። «መድኃኒቷን የምትወስደው ከአንቺ እጅ ነው። አንቺን ከተጠራጠረች ከማን እጅ ትወስዳለች? እኔን ትቀየመኝ። እኔ ሩቅ ስለነበርኩ አይጎዳትም።»

በዚያው ወር ቤታቸው ገቡ። በተቋሙ ታጥበው፣ ልብስ ለውጠው፣ በየቀኑ ይመጡ ጀመር፤ ልጅቷም አልታመመችም። ግን በሩ ሲከፈት የሚሮጥ ሰው አልነበረም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆና ተነሥታ ወንበር ለቀቀችላቸው፤ «ደህና አመሹ?» አለቻቸው። አንተ ትላቸው የነበረችው አንቱ ማለት ጀመረች። እሳቸው እንደ እንግዳ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ትንሽ ያዟት፤ መለሷት።

እኔ በልጄ ላይ ስናደድ ይቆጡኝ ነበር። በላቦራቶሪው ሁለት ዓይነት ክፍል ነበራቸው፤ በአንዱ አንበጣው ተፋፍጎ ያድጋል፣ በሌላው እያንዳንዱ በየጠርሙሱ ብቻውን ያድጋል። ብቻውን ያደገው አረንጓዴ ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ሌላ አንበጣ ሲያይ ይሸሻል። «ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አልለመደውም» ይሉኝ ነበር። «አብረው ካዋሏቸው፣ በእግር በእግር እየተነካኩ፣ ይላመዳሉ። ጊዜ ስጫት።» እሳቸው ጊዜ ሰጧት። ስድስት ዓመት በአንድ ገበታ በላን፤ ከዚያ ልጄ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፣ የጥርስ ሐኪም ሆነች፣ አገባች። ቀኑን ሙሉ የሰውን አፍ ስታስከፍት የምትውለው ልጄ እኛ ቤት ስትመጣ የራሷን አትከፍትም ነበር።

ካደገች በኋላ ስንቴ እንንገራት አልኳቸው። «አሁን አንድ ወላጅ አላት፣ በሙሉ ልቧ የምትወደው። እሱን ለምን እናናጋባት? እኔ እስካለሁ ተዪው» አሉኝ። እንግዲህ ቃሉ እስካለሁ ነበር።

በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። በመጨረሻው ቀን የዚያን ሳምንት ስንዴ ዘርተው፣ ለሚተካቸው ልጅ እርጥበቱን በጣት እንዴት እንደሚመጥን አሳይተው፣ በካልሲያቸው እየተራመዱ ወጡ አሉ እትዬ ዶክተር። ሠላሳ ሰባት ዓመት አንበጣ ያሳደጉት ሰው በሰማይ ላይ የሚበር የአንበጣ መንጋ አንድም ቀን አላዩም። በሬዲዮ እዚያ ማዶ ገባ ሲባል ከወንበራቸው ተነሥተው ይሰሙ ነበር፤ «የገበሬው ነገር ያሳዝናል» ይላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ በቀስታ «ሲበር ግን እንዴት ይሆን?» ይላሉ።

በዓመቱ የልጅ ልጅ መጣች። ልጄ ሕፃኗን ይዛ መጥታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እኔ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ጋውን የለ፣ ብናኝ የለ፤ ሕፃኗ ደረታቸው ላይ ተኛች። እሳቸው ትንፋሽዋን ያዳምጡ ነበር፤ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ይጮኽ እንደሆን። ምንም አልነበረም። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ቁጣ ብዬ ልተወው ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ናፍቆት ነበር። እዚያ ደረት ላይ መተኛት የነበረባት እሷ ናትና።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የገዛ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞቹ የብዙ ዓመት ብናኝ ነው አሉ፤ እሳቸውም ሳይገርማቸው ሰሙ። ድንቢጥ በየወሩ እየመጣች ሐኪም አነጋገረች፣ መድኃኒት ገዛች፣ ትራሳቸውን አስተካከለች፤ አንድም ነገር አላጓደለችም። ከአልጋው ግን ራቅ ብላ፣ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ነበር የምትቀመጠው። እሳቸው ዓይናቸውን ከእሷ አያነሡም። አንድ ከሰዓት በኋላ እሷ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ በእጃቸው ጠሩኝና፣ በዚያ በሚቆራረጥ ትንፋሽ፣ «ትራሱን ስታስተካክል እጇ ነካኝ» አሉኝ። ይህን ያሉኝ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት አረፉ።

ልጄ ሆይ፣ ይህን ሁሉ በሰው ፊት ያስነበብኩት፣ ለብቻሽ ብነግርሽ ለእኔ አዝነሽ ትሸፍኚልኝ ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ነው። አባትሽ በሰው ዓይን ልጃቸውን ትተው ከአንበጣ ጋር የኖሩ ተብለዋል፤ በሰው ፊት መንጻት አለባቸው። የተቀየምሽው በደል እውነት ነው፤ የሠራው ሰው ግን እሳቸው አይደሉም። ሰባት ዓመት ያጣሻቸው በእኔ እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ያጣሻቸው ደግሞ እኔ ዝም በማለቴ ነው። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ለዚያ አባትሽ የጠበቁሽን ያህል መጠበቅ አለብኝ።

ባለቤቴ ታላቅ እህታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ አማቻቸውን፣ በአያቷ እጅ ሥዕል የለመደች አንዲት የልጅ ልጃቸውን እና እኔን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያልተለያችሁን ሁሉ፣ ብድራችሁን የማይረሳው እሱ ይክፈላችሁ። የፈጠራቸው አምላክ የደከመ ትንፋሻቸውን ወደ እሱ ሰብስቦ ያለ ጭንቅ ያሳርፋቸው፤ ልጃቸውን ዛሬ ማታ የሚያጽናናት ሰው አያሳጣት። ለእኔም፣ ልጄ ፊቷን እስክትመልስልኝ ድረስ፣ ዕድሜ ይጨምርልኝ።